ድፍርሱ ነሐሴ፣ ጥሩው ኅዳር

በነሐሴ ከጂማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ጎጀብ ድልድይ ላይ ሲደርስ የሚያየው ውሃ ቀይ ነው። ወንዙ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የአፈር ቀለም ለብሶ፣ ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይወርዳል። ያው ሰው በኅዳር መጨረሻ በዚያው መንገድ ቢመለስ ውሃው ጎድሎ፣ ድምፁ ቀንሶ፣ ቀዩ ቀለም ለቅቆት ያገኘዋል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ የሚያመነታ አይኖርም። ዓይን ይፈርዳል፤ ነሐሴ ይወገዛል፣ ኅዳር ይመሰገናል።

ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ ግን በካፋ ወንዞችና ጅረቶች ላይ በየዓመቱ የሚደርሰውን ከባዱን ጉዳት ከዓይን ይሰውራል። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ስለዚያ ስለተሰወረው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እንይ። አብዛኛው የካፋ ውሃ የኦሞ ነው። ጎጀብ የዞኑን ሰሜናዊ ወሰን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በካፋ ነገሥታት ዘመን የመንግሥቱ የተፈጥሮ ምሽግ ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 እስከተማረኩበት ጊዜ ድረስ ከሰሜን የመጣ ሠራዊት በቅድሚያ መሻገር የነበረበት ይህን ወንዝ ነው። ዛሬ ጎጀብ ከኦሞ ጋር ተገናኝቶ 243 ሜትር ከፍታ ወዳለው የግቤ 3 ግድብ ይገባል፤ ከግድቡ የተለቀቀውም ውሃ ቁልቁል ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። የዞኑ ምዕራባዊ ጠርዝ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ባሮና አኮቦ፣ በእነሱም በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ነው። ስለዚህ በካፋ ጋራዎች ላይ የተደፋ እጣቢ፣ እንደተደፋበት ጎን፣ ወይ የቱርካናን ወይ የነጭ ዓባይን መንገድ ይይዛል።

መሬቱ ከቆላው 500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደጋው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከሥር ያለው ዓለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ አፈሩም ቀይ። ጥቅጥቅ ካለ ጫካ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛና የሟሟ ማዕድን ያነሰው ለስላሳ ውሃ ነው። በዚያው ዞን ደግሞ ዳዲበንን የመሰለ ፍል ውሃ አለ፤ ከምድር ጥልቀት ሙቀትና ማዕድን ይዞ የሚወጣ። ማንም እጁን ሳያስገባ፣ ተፈጥሮ ብቻዋን በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ ውሃ ታወጣለች። «የካፋ ውሃ ጥራት» ብሎ በአንድ ቁጥር የሚናገር ሪፖርት ያጋጠመው አንባቢ ይህን ያስታውስ።

ዝናብ ያጥባል፣ ዝናብ ያጎድፋል

ቦንጋ በዓመት ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ይጀምራል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፣ በጥቅምት እየሳሳ ይሄዳል። ደረቅ የሚባለው ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ እሱም ቢሆን ከነጭራሹ ዝናብ አያጣም። የሰሜኑ ገበሬ ሁለት ወር ተኩል ክረምት ሲቆጥር የካፋው ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ጭቃ ይረግጣል።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በደረቁ ወራት በየጓሮው፣ በየመንገዱ ዳርና በየገበያው ብዙ ነገር ይከማቻል፦ እበት፣ አመድ፣ የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል፣ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል የተንጠባጠበ ዘይት፣ ሽንት ቤት የሌለው ቤተሰብ ሜዳ ላይ የተወው። ዝናብ እስካልመጣ ድረስ ይህ ሁሉ ባለበት ይቀመጣል። በመጋቢት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይቀደድና የሦስት ወር ክምችት በአንድ ሰዓት ወደ ጅረቱ ይገባል። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ያህል ዝናብ ቢዘንብ ጅረቱ ያንን ያህል አይቆሽሽም፤ የሚታጠብ ነገር አልቋላ! በአንዱ ጎርፍ ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ሳለ የተቀዳ ጄሪካንና ውሃው እየወረደ ሳለ የተቀዳ ጄሪካን፣ የወንዙ ከፍታ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ይዘታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ይብሳል። ወቅቱ በቆሎ የሚዘራበትም ነው፤ ማሳው ተገልብጦ ራቁቱን ነው፣ ኤንፒኤስና ዩሪያ ማዳበሪያም የሚበተነው በዚሁ ሰሞን ነው።

ለሰው ጤና እንግዲህ ክፉው ሰዓት ይህ ነው። የአተት ወረርሽኝ በአገራችን ከዝናብ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጠጥ በሚቀርብ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንዲት ኢ. ኮላይ የተባለች ባክቴሪያ እንኳ መገኘት እንደሌለባት የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። ባክቴሪያዋ ራሷ ሁሌም በሽታ አታመጣም፤ መገኘቷ ግን ውሃው የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር እንደነካው የሚመሰክር ነው። በመጋቢት ጎርፍ ውስጥ ምስክሩ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል።

ክረምቱ ሲጠና ነገሩ ሁለት መልክ ይይዛል። ድፍርስነቱ ይንራል፤ ከእያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ጋር ፎስፈረስና ባክቴሪያ ተጣብቆ ይጓዛል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ግን ይቀጥናል፤ የውሃው ብዛት ጨዉንና ናይትሬቱን ያሳንሰዋል። ውሃው በድንጋይ ላይ እየተጋጨና አረፋ እየደፈቀ ስለሚወርድ አየር በደንብ ይቀላቀለዋል፤ ቀዝቃዛም ስለሆነ ኦክስጅን ይይዛል። በነሐሴ በአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ በአንደኛው መለኪያ ከምርጦቹ ተርታ ሲመደብ በሌላው ለመጠጥ የማይታሰብ ይሆናል። ሁለቱም ውጤቶች ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ምን እንደ ተጠየቀ ነው።

ድፍርሱን ውሃ በክሎሪን ለማከም ለሚሞክር ቤተሰብ ይህ የወረቀት ጣጣ አይደለም። ውሃ አጋርን ወይም ሌላ ክሎሪን ያለበት መድኃኒት ቀይ ውሃ ላይ ሲያንጠባጥቡት መድኃኒቱ ጀርሙ ዘንድ ሳይደርስ ከአፈሩና ከበሰበሰው ቅጠል ጋር ሲታገል ያልቃል፤ ጀርሙም ከቅንጣቱ ጀርባ ተሸሽጎ ይተርፋል። ለዚህ ነው ክሎሪን በደንብ እንዲሠራ የውሃው ድፍርስነት ቢቻል ከ1፣ ካልሆነም ከ5 ኤንቲዩ በታች ይሁን የሚባለው። ኤንቲዩ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚበተን የሚለካበት ሚዛን ነው። በቤት ደረጃ ያለው መፍትሔ የታወቀ ነው፦ ውሃውን ማስቀመጥ፣ እስኪጠል መጠበቅ፣ ላይኛውን በጨርቅ አጥልሎ መገልበጥ፣ ከዚያ ማከም። ከወንዝ ይልቅ የጎለበተ ምንጭ ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ይቀንሳል።

«ሳይደፈርስ አይጠራም» ይባላል። በኅዳር ጎጀብም ገባሮቹም ይጠራሉ። እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚያታልለው።

የቡናው ወር

በካፋ ጫካ ቡናው ከመስከረም ጀምሮ መቅላት ይጀምራል፤ ለቀማው የሚደራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የአያቶች መንገድ ነው፤ እሸቱ ከነቆዳው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቅና ጀንፈል ይሆናል። ይህ ዘዴ ከወንዙ ጋር ጉዳይ የለውም። ሁለተኛው የታጠበ ቡና ነው፤ በገበያ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ስላለ ማኅበራትም ነጋዴዎችም ይፈልጉታል።

የታጠበ ቡና እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የወንዙ ዕጣ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። በዕለቱ የተለቀመው ቀይ ፍሬ ከሰዓት በኋላ በጆንያና በቅርጫት መፈልፈያው ጣቢያ ይደርሳል። ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ተባይ የበላውና ገለባው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰጥማል። የሰጠመው ፍሬ በውሃ እየተገፋ ወደ መፈልፈያው ማሽን ይገባል። ማሽኑ ቀዩን ቆዳ ገፍፎ በአንድ ወገን ይተፋዋል፤ ፍሬው ጣፋጭና የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋኑን እንደለበሰ በሌላ ወገን ይወጣል። ይህ ሽፋን በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ገንዳ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን መብላላት አለበት። ሲብላላ ስኳሩ አሲድ ይሆናል። በመጨረሻ ፍሬው በረጅም የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ በብዙ ውሃ እየታሸ ይታጠብና ወደ አልጋው ይወጣል። ማሽኑ አመሻሽ ላይ ተነሥቶ እኩለ ሌሊት ድረስ መጮሁ የተለመደ ነው፤ እሸት ቡና ለነገ አይባልማ።

ከ100 ኪሎ እሸት ቡና ለገበያ የሚደርሰው ደረቅ ፍሬ ከ20 ኪሎ አይበልጥም። የቀረው ውሃ፣ ቆዳ፣ ስኳርና ሙጫ ነው። ማሽኑ ውሃውን መልሶ የማይጠቀም ዓይነት ከሆነና ፍሳሹ ማረፊያ ጉድጓድ ከሌለው ይህ ሁሉ የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ጣቢያው መጀመሪያውኑ የተተከለው ውሃ ፍለጋ ጅረት ዳር ነውና።

ጅረቱ ውስጥ ስኳር ሲገባ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ሲበሉም ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። የውሃ ሊቃውንት ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን በልተው እስኪጨርሱ ስንት ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋቸው ይለካሉ፤ ባዮሎጂያዊ የኦክስጅን ፍላጎት ይሉታል። በንጹሕ የጫካ ጅረት ፍላጎቱ በሊትር ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ግራም አያልፍም። ከከተማ የሚወጣ የቤት ፍሳሽ በመቶዎች ይቆጠራል። የጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጂማ አካባቢ ባሉ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት በፍሳሹ ውስጥ ከ10,000 ሚሊ ግራም በላይ አግኝቷል። ጂማና ካፋ ጎረቤት ናቸው፤ ቡናውም ማሽኑም አንድ ነው። በጥናቱ የተጠየቁ የአካባቢው ነዋሪዎች ማዞር፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል።

ቁጥሩን ወደ ቦንጋ እናምጣው። ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታና በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ቦንጋ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው ከ7.5 ሚሊ ግራም በታች ነው። የደጋ ጅረት ገና ከጅምሩ የኦክስጅን ስንቁ አነስተኛ ነው ማለት ነው። እንግዲህ 10,000 ሚሊ ግራም የሚጠይቅ አንድ ሊትር የቡና ፍሳሽ ከ1,300 ሊትር በላይ ንጹሕ የቦንጋ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጠርጎ ይወስዳል። ጅረቱ ከአየር እየሳበ ይተካል እንጂ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ግን ለመተካት ወይ ብዙ ውሃ ወይ ብዙ መናወጥ ይፈልጋል። በኅዳር ሁለቱም የሉትም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ይኸው ፍሳሽ በነሐሴ ቢለቀቅ የሞላው ወንዝ ውጦት ይሄድ ነበር። ነገር ግን ቡና በነሐሴ አይቀላም። ፍሬው የሚደርሰው ዝናቡ ሲያቆምና ወንዙ ሲከሳ ነው፤ ወንዙ አቅም ሲያጣ ሸክሙ ይመጣበታል። አዲስ አበባን አቋርጦ የሚያልፈው አቃቂ ሌላ ታሪክ አለው፤ እዚያ ፍሳሹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ሲጠፋ ይወፍራል። የካፋ ጅረት ግን በኦክስጅን በኩል አሥር ወር ደህና ሆኖ ሁለት ወር የሚታመም ነው። በአሥሩ ወር ኦክስጅኑን የለካ ሁሉ ደህና ነው ይለዋል።

የባሰው ቦታ የት ነው?

ጊዜውን ካወቅን ቦታው ይቀራል። ፍሳሹ ከሚገባበት ቱቦ ሥር ቆሞ ኦክስጅን የሚለካ ሰው ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይደነግጥም። በ1925 እ.ኤ.አ. ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኦሃዮን ወንዝ አጥንተው ምክንያቱን በሒሳብ አስቀመጡት። ባክቴሪያ ለመራባትና ለመብላት ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሃው ይጓዛል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከቱቦው ጀምሮ ቁልቁል እየቀነሰ ሄዶ ከታች የሆነ ቦታ ላይ ወለሉን ይነካል፤ ከዚያ አየር እየሳበ ቀስ በቀስ ያገግማል። ጉዳቱ የሚጠናው ከመፈልፈያው አጥር ርቆ፣ ስለ ማሽኑ ምንም የማያውቅ ቤተሰብ እንስራ የሚሞላበት መልካ ላይ ነው። ከላይ ያለው ጣቢያ «ውሃዬ ንጹሕ ነው» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ ከታች ያለው መንደር «ውሃችን ሸተተ» ሲልም አልዋሸም። በዚህ መሀል የሚገባ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ ከመሞከሩ በፊት ጅረቱን ተከትሎ ቁልቁል ቢሄድ ይሻለዋል።

መሣሪያ የሌለው ሰውም ቢሆን ይህን ቦታ ማግኘት ይችላል። ከጅረቱ ውስጥ ጭብጥ የሚያክል ድንጋይ አንሥቶ ሆዱን መገልበጥ ነው። በጫካ ጅረት ድንጋዩ ላይ ጠፍጣፋ፣ ጥፍር የማያክሉ፣ ከኋላቸው ሦስት ቀጭን ጭራ የዘረጉ እጮች እየተንሸራተቱ ሲሸሹ ያያል። ክንፍ አብቅለው ከውሃ እስኪወጡ ድረስ እዚያው የሚኖሩ ነፍሳት ናቸው፤ በጎናቸው የሚርገበገበው እንደ ላባ የሳሳ ነገር መተንፈሻቸው ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ከመፈልፈያው ታች ያለውን ድንጋይ ሲያነሣ ደግሞ እጁ ላይ ግራጫ ዝልግልግ ነገር ይቀራል፤ በጭቃው ውስጥ የሚርመሰመሱት ክር የመሰሉ ቀይ ትሎች ናቸው። ቅላታቸው እንደኛው ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ጥቂት ኦክስጅን ባለበት ቦታ ያችኑ አጥብቀው ይይዙበታል። ጀርመኖቹ ኮልክቪትስና ማርሶን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወንዝን በውስጡ በሚኖሩ ፍጥረታት መመደብ ይቻላል ሲሉ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለተቀዳበት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከድንጋይ ሥር ያለች እጭ ግን ሳምንታትን ኖራበታለችና ስለነዚያ ሁሉ ትመሰክራለች። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ከዚህ የረከሰ ቤተ ሙከራ ያለ አይመስለኝም።

ቦታ ሲባል ግን መፈልፈያ ብቻ አይደለም። ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ አለምጎኖ የሚባል ረግረግ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይዞት የመጣው አፈር ይዘቅጣል፣ ደንገሉና ሣሩ ናይትሬትና ፎስፈረሱን ይመገባሉ፣ በጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ናይትሬቱን ወደ አየር ይመልሱታል። ወደ ረግረግ የገባውና ከረግረግ የወጣው ውሃ በተለይ በዝናብ ወራት ይለያያሉ። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ስሙ የተነሣው በጫካ ቡናው ነው፤ ረግረጉ እንደ ጫካው አልተወራለትም። ተጠንፍፎ ማሳ የሆነ ወይም ባሕር ዛፍ የተተከለበት ረግረግ ሥራውን ማቆሙን ጎረቤቱ ቶሎ አያስተውልም። ልዩነቱ የሚታየው ከታች ባለው ጅረት ነው።

እዚያው ካፋ ውስጥ ስላለው የውሽውሽ የሻይ ማሳ አንድ ቃል ልበልና ልለፍ። ሻይ ከ1,000 ሄክታር በላይ ሸፍኖ ሲታይ «ይህ ሁሉ ጫካ የነበረ» ብሎ መቆጨት ያለ ነው፤ በውሃው ወገን ሲታይ ግን ጥቅጥቅ ብሎ የዘጋ የሻይ ተክል አፈር በመያዝ ከበቆሎ ማሳ እጅግ ይሻላል። መጠየቅ ያለበት ስለ ማዳበሪያው ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የሚቀነጠብ ተክል ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ የተረፈው ከዝናቡ ጋር ወደ ምንጭና ጅረት ይሰርጋል። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ቢፈላም አይጠፋም። ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላዎች ያሰጋል።

ቦንጋ ራሷ ደግሞ ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የቦይዋ ሁሉ መጨረሻ ከሥር ያለው ሸለቆ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫው ስትሆን ቢሮውም፣ ሆቴሉም፣ መኪናውም ጨመረ። ከከተማ በላይ ባለው ጅረት ልብስ ቢታጠብ ጅረቱ ይችለዋል። ከከተማው በታች ግን የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የመኪና እጥበትና የገበያ እጣቢ ተደማምረው ይጠብቁታል። ከላይና ከታች በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው የእግር መንገድ ከአንድ ሰዓት ላያልፍ ይችላል፤ ልዩነቱ ግን በነሐሴና በጥር መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ጅረቱ ዝቅ ብሎ ጎጀብን ሲቀላቀል ይቀጥናል፤ ቀጠነ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም።

መለኪያው በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት?

አገሪቱ ሕግ አላጣችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የበከለ እንዲያጸዳም ያዝዛል። ዘዴውም አልጠፋም። ውሃውን ደግሞ ደጋግሞ የሚጠቀም መፈልፈያ ማሽን አለ፤ ፍሳሹን በተከታታይ ጉድጓዶች አሳርፎ በቬቲቨር ሣር መሬት ውስጥ የማሳለፍ ሥራ በአገራችን የቡና ወረዳዎች ተሞክሯል፤ ገለፈቱም ከእበትና ከአመድ ጋር ቢብላላ መልካም ፍግ ይሆናል። ጉድጓድ ቆፍሮ መተው ብቻ ግን ማታለል ነው። ጅረቱ አፍንጫ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ በታኅሣሥ ይሞላል፣ በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ይገለብጠዋል፤ በኅዳር ከወንዙ የዳነው ቆሻሻ ከመጋቢቱ ክምችት ጋር ተደምሮ ይወርዳል።

ጉድለቱ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። አንድ ወንዝ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይለካል እንበል። አንዱ በክረምት፣ አንዱ በበጋ ከሆነ ነገሩ የተመጣጠነ ይመስላል። በጋው ግን ጥርም ኅዳርም ነው፤ በጥር መፈልፈያው ተዘግቷል፣ ጅረቱም አገግሟል። ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ዋቅላሚ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ያመረተውን መልሶ ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት ኦክስጅኑ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚሆነው ሊነጋ ሲል ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና ነዳጅ ቀድቶ፣ ባለሙያው ፈርሞ፣ ጅረቱ ዳር ሲደረስ ግን ረፋድ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐዩ ወጥቷል፣ ውሃው ተንፍሷል። ማታ የሚሠራው ማሽንም ዝም ብሏል።

ናሙና አወሳሰዱም ወግ አለው። ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ ለባክቴሪያ የተዘጋጀው ጠርሙስ ግን ጀርም እንዳይኖርበት ተቀቅሎ የመጣ ስለሆነ አይለቀለቅም። ቀጂው ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ይቆማል፤ እግሩ የበጠበጠውን ጭቃ እንዳይቀዳ። ለባክቴሪያ የሚሆነው በበረዶ ሣጥን ተይዞ በሰዓታት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። የሟሟ ኦክስጅን ደግሞ እዚያው ጅረቱ ዳር ይለካል፤ ጠርሙስ ውስጥ ተጭኖ የሄደ ኦክስጅን ሲደርስ ሌላ ቁጥር ነው። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ ባለሙያ ቢኖርም መኪናና አበል ሊያጣ ይችላል።

ካፋ የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ስለ ወንዛችሁ የሚናገር የውጤት ወረቀት እጅህ ከገባ ቁጥሮቹን ከማንበብህ በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ፈልግ። ሦስቱ ካልተጻፉ ወረቀቱን መልስ። ከተጻፉና የኅዳር ናሙና ከሌለበት ደግሞ የቀበሌህን አስተዳደር፣ የቡና ማኅበርህንና የወረዳህን ውሃ ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር ጠይቅ፦ በሚቀጥለው ለቀማ፣ መፈልፈያው በሚሠራበት ሳምንት፣ ከመፈልፈያው በታች ባለው የውሃ መቅጃ፣ ሳይነጋ ይለካልን።